ስልክ የሰረቀ ልጅ የግድ መታሰር አለበት?

የባጃጅ ሹፌሩ፦ ሰፈራችን ያለ ልጅ ስልክ ሰርቆ አራት ወር ተፈረደበት። ሐይቁ ዳር ያለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ዓሣ ሲበልት የሚውል ልጅ ነው። እጁ ፈጣን ነው፣ ቢላዋውን አንዴ ካስገባ አጥንቱ ለብቻው ይወጣል። አሁን እናቱ ያለ ጧሪ ቀሩ። ለእንዲህ ዓይነቱ ጥፋት ከእስር ሌላ ነገር ቢኖር ምን አለበት? ሀዋሳዎች፣ እስቲ እንከራከር።

ባለሱቋ፦ ስልኩ የአንተ ቢሆን እንዲህ ትላለህ? አምና እኔም ተሰርቄያለሁ። ዱቄት እየመዘንኩ ሚዛኑ አጠገብ ያስቀመጥኩት ስልክ ቀና ስል የለም። የእቁቡ ሒሳብ፣ የዱቤው ዝርዝር፣ ሁሉም እዚያ ነበር። ሌባው በማግስቱ ደጄ ላይ ሰላም ይበለኝ? ይታሰር!

የሕግ ተማሪው፦ አማራጩ እኮ ሕጉ ውስጥ አለ። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 103 የግዴታ ሥራ ይላል። ከ1 ቀን እስከ 6 ወር። ሰውዬው አይታሰርም፣ እየሠራ ከገቢው እስከ አንድ ሦስተኛ ይቀነስበታል።

ባለሱቋ፦ የተቀነሰው ለእኔ ነው የሚሰጠው?

የሕግ ተማሪው፦ ለመንግሥት ነው።

ባለሱቋ፦ አየህ! ስልኬን መንግሥት ነው እንዴ የተሰረቀው?

ጡረተኛው መምህር፦ ልጄ፣ እሱም ቢሆን ለስርቆት መሥራቱ ያጠራጥራል። አንቀጽ 103 ከስድስት ወር ለማይበልጥ ቀላል እስራት ነው። ስርቆት ግን እስከ 5 ዓመት ጽኑ እስራት ሊደርስ ይችላል።

የሕግ ተማሪው፦ ጋሼ፣ የሚለካው በተፈረደው ነው ወይስ በሕጉ ጣሪያ? አራት ወር ነው የተፈረደበት።

ጡረተኛው መምህር፦ በጣሪያው ይመስለኛል። ለማንኛውም እኛ ዘንድ አፊኒ የሚባል የሲዳማ የሽምግልና ሥርዓት አለ፤ ቃሉ ራሱ «ሰማችሁ ወይ?» ማለት ነው። ሽማግሌ ይቀመጣል፣ ሁለቱም ይሰማሉ፣ በዳይ ይክሳል።

ባለሱቋ፦ ጋሼ፣ አክብሬዎት ነው፣ ግን በእኔ ጊዜም ሽማግሌ መጥቶ ነበር። «ልጅ ነው፣ ተይው» አሉኝ። ስለ ካሣ ትንፍሽ ያለ የለም። እምቢ ስል ክፉዋ እኔ ሆንኩ።

የባጃጅ ሹፌሩ፦ እሱስ ልክ ነሽ። እርቅ ሲባል ሁሌ የሚለመነው የተበደለው ነው።

የሕግ ተማሪው፦ እንግዲያው ገደብን እንይ። ቅጣቱ ይወሰናል፣ ግን አፈጻጸሙ ከ2 እስከ 5 ዓመት ይታገዳል። ልጁ ጠባዩን አሳምሮ መኖር አለበት። ዋናው ነገር ደግሞ በተቻለው መጠን ያደረሰውን ጉዳት መካስ ግዴታው ነው። ካጠፋ ወደ ወህኒ ነው። ታስሮ ግን ከምን ይከፍልሻል?

የባጃጅ ሹፌሩ፦ ይኸው! እኔም ያልኩት ይሄንን ነው። ዓሣ እየበለተ ይክፈል።

ባለሱቋ፦ መክፈሉን ማን ይከታተላል? እኔ ሱቅ ዘግቼ ፍርድ ቤት አልመላለስም።

የሕግ ተማሪው፦ እሱ ላይ እውነትሽን ነው። ተቆጣጣሪ ከሌለ ገደብ ባዶ ወረቀት ነው።

ባለሱቋ፦ እሺ፣ ተቆጣጣሪ ተገኘ እንበል። ዓሣ የሚበልት ልጅ በወር ስንት ይችላል?