የአያቴን ማኅበር ልውረስ ወይስ ይቅርብኝ?

የዶሮ_ማነቂያ_ልጅ፦

ሰላም ናችሁ። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

አያቴ ካረፈች ነገ ወር ይሞላታል። እቴቴ ነበር የምንላት። ያሳደገችኝ እሷ ናት። ለአርባዋ ሽር ጉድ ስንል ትናንት የማኅበሯ ሙሴ (የማኅበሩ መሪ) እቤት ድረስ መጡ፣ ቡና ጠጡ፣ አጽናኑን፣ ከዚያ ሊወጡ ሲሉ በር ላይ ቆም ብለው «ለመሆኑ ጽዋዋን ማነው የሚወርሰው?» አሉ። ሁሉም ዞሮ እኔን። እናቴ አረብ አገር ናት። አጎቴ ጌታን ከተቀበለ ቆይቷል። የቀረሁት እኔ ነኝ፤ እኔ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን የምሄደው ለሠርግና ለቀብር ነው።

ማኅበሩ የጊዮርጊስ ነው፣ በየወሩ በ23። እቴቴና 23 ሌላ ታሪክ ነው። አድዋ የካቲት 23 ቀን 1888፣ ጃንሆይ እዚያው አራዳ ጊዮርጊስ ዘውድ የጫኑት ጥቅምት 23 ቀን 1923። ዓመተ ምህረቱን እሷ አትጠራም፣ ቀኑን ግን አትለቅም። «ጊዮርጊስ ቀኑን አይስትም» ትላለች፣ እኔ ቀጠሮ ባረፈድኩ ቁጥር።

በ2016 ሰፈራችን ሲፈርስ ዳር ያለ ኮንዶሚኒየም ደረሳት፣ 4ኛ ፎቅ፣ ሊፍት የለውም። ጉልበቷ ያኔ አልቋል። 23 ሲሆን ግን ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነስታ ደረጃውን አንድ በአንድ ወርዳ ፒያሳ ትመጣለች። «እዚሁ አጠገብሽ ታቦት አለ እኮ» ስንላት «እኔን የሚያውቀኝ የአራዳው ነው» ትለናለች። ከቤት ስትወጣ ነጠላዋ ጫፍ ላይ ሁለት ቋጠሮ ትቋጥራለች። አንዱ ለጧፍ፣ አንዱ በር ላይ ለሚቀመጡት። አንዴ ታክሲ ውስጥ የራሷ ብር አለቀባትና ረዳቱ «እማማ፣ ይኸው ቋጥረዋል አይደል!» ቢላት «ይሄ የኔ አይደለም» ብላ ድርቅ። እኔ ቢሮ ስብሰባ ላይ ሆኜ ለረዳቱ በቴሌብር ላክሁ።

ጥያቄዬ ይሄ ነው። ከአባታችን ሆይ ሌላ ጸሎት አላውቅም። በደንብ ማመኔንም እንጃ። ለሷ ፍቅር ብዬ ብቻ ብገባ ማስመሰል አይሆንም? ብተወው ደግሞ ስሟ ከደብተሩ ሊሰረዝ ነው። በናታችሁ ያያችሁትን ንገሩኝ።

ሰኞ_ማክሰኞ፦

እግዜር ያጽናህ ወንድሜ። የእናቴን የማርያም ማኅበር ወርሼ አምስት ዓመቴ ነው፣ ስለዚህ የማውቀውን ልንገርህ። ወሩን ሙሉ የሚያስጨንቅ ነገር የለውም። ተራህ የሚደርሰው በዓመት አንዴ ነው፣ አባላቱ አሥራ ሁለት ከሆኑ። ጠላ ጥመቅ የሚልህ የለም፣ ታስጠምቃለህ። ድፎ ታስጋግራለህ። ተራህ ጾም ላይ ከዋለ ሽሮና ምስር፣ ካልሆነ አቅምህ የቻለውን።

የመጀመሪያ ተራዬ ላይ «ራሴ ነኝ የምጋግረው» ብዬ ተወጣጠርኩ። ድፎው ከሥሩ አረረ። አረረ ስልህ ኮባው ከዳቦው ጋር አንድ ሆኗል። ማልቀስ ቀረኝ። እትዬዎቹ ምንም ሳይሉ በቢላ ፋቅ ፋቅ አድርገው በሉልኝ። ከዚያ አንዷ ጠጋ ብላ «አይዞሽ፣ እናትሽም የመጀመሪያውን አሳርራ ነው የጀመረችው፣ ጓዳ ገብታ አልወጣም ብላ እኛ ነን የጎተትናት» አለችኝ። እናቴ! ሰላሳ ዓመት አብሬያት ስኖር ዳቦ ሲያርባት አይቼ አላውቅም። አሁን በየወሩ የምሄደው ግማሹ ለማርያም ነው፣ ግማሹ እንዲህ ያለ ወሬ ለመስማት፣ አልዋሽህም።

ቀጥታ_ተናጋሪ፦

ይቅርታ፣ እኔ አልስማማም። ቤት ይወረሳል፣ እምነት አይወረስም። አያትህ የጧፍ ሳንቲም ላለመንካት ከረዳት ጋር የተፋጠጠች ሴት ናት። አንተ እሷ ቦታ ቁጭ ብለህ ስልክህን ስትነካካ ይታየኛል። ሽማግሌዎቹን ደስ ለማሰኘት ገብተህ ከሦስት ወር በኋላ ብትቀር ደግሞ ያኔ ነው የሚያሳዝነው። አላምንም ካልክ በግልጽ «አልችልም» በላቸው፣ አይቀየሙህም። ማስታወስ ከፈለግህ በር ላይ ለሚቀመጡት ስጥ። ለዚህ ደብተር አያስፈልግም። በነገራችን ላይ ያ ቋጠሮ ነጠላዋ ላይ አሁንም ካለ ፍታውና ለባለቤቶቹ አድርስ።

ድሮ_ዲያቆን፦

ሁለታችሁም እውነት አላችሁ፣ ግን አንድ ነገር ተደባልቋል። ጽዋ ቁርባን አይደለም። ለቁርባን ንስሐ አለው፣ ጾም አለው፣ ዝግጅት አለው። ጽዋ ዝክር ነው፣ በጻድቁ ወይም በሰማዕቱ ስም አብሮ መብላትና መጠጣት። መሠረቱ ማቴዎስ 10፥42 ላይ ነው፣ ቀዝቃዛ ውኃ እንኳ ያጠጣ ዋጋው አይጠፋበትም ይላል። ካህኑ ይባርካሉ፣ አቡነ ዘበሰማያት ይባላል፣ የሚቀጥለው ተረኛ ጽዋውን ያነሳል። ቅኔ ቁጠር የሚልህ የለም። ሦስት ወር ሄደህ እየው፣ ካልሆነልህ ለሙሴው ንገራቸው፣ ማንም አያስርህም።

ይልቅ አሁን የሚያስቸኩልህ ሌላ ነው። የክርስትና ስሟን ታውቃለህ? ለአርባዋ ፍትሐት የሚጠራው የቤት ስሟ አይደለም። ብዙ ቤተሰብ ይሄን የሚያስበው ካህኑ «ማን ልበል?» ሲሉ ነው፣ ያኔ ሁሉም እርስ በርሱ ይተያያል።

ከማዶ_ሰፈር፦

እኔ ፕሮቴስታንት ነኝ፣ ስለዚህ ስለ ጽዋው ዝም። ስለ አጎትህ ነው የምለው። የኔም አያት ኦርቶዶክስ ነበረች፣ ሁዳዴን ውኃ ሳትቀምስ እስከ 9 ሰዓት የምትጾም። እኔ ከተለየሁ በኋላ በጾም ቤቷ ስሄድ እንቁላል ትጠብስልኝ ነበር። ለብቻው ያስቀመጠችው መጥበሻ ነበራት። ሽታው እንዳይመጣባት በነጠላዋ አፍንጫዋን ሸፍና ነበር ምድጃው ላይ የምትቆመው፣ «በልጄ ቤት ጾም የለም፣ ምን ላድርግ» እያለች። ስለ ሃይማኖት አንድ ቀን ተከራክረን አናውቅም። አጎትህም እናቱን ነው የቀበረው፣ በናትህ አርባው ላይ ጥግ አታስይዙት።

የዶሮ_ማነቂያ_ልጅ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ቀጥታ_ተናጋሪን ጨምሮ (ስልክ መነካካቱ ላይ አገኘኸኝ)።

ድሮ_ዲያቆን፣ ያልከው ደረሰብን። የክርስትና ስሟን ማንም አያውቅም። እናቴ ጋ ደወልኩ፣ «ወለተ… ወለተ ምንድን ነበር?» ብላ ማልቀስ ጀመረች። አጎቴም አያውቅም። የንስሐ አባቷ ካረፉ ቆይተዋል። በመጨረሻ ሙሴው ጋ ሄድኩ። ጠርዙ የተበላ የሒሳብ ደብተር አወጡ፣ መነጽራቸውን ፈልገው አደረጉ፣ በጣታቸው እየተከተሉ ወረዱ፣ ወለተ ጊዮርጊስ። አጠገቡ በየወሩ መምጣቷን የሚያሳይ ምልክት አለ። ሰፈር ከፈረሰ በኋላ ያለውን ቆጠርኩት፣ የቀረችው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፣ ሁለቱንም ሆስፒታል ተኝታ ነበር።

ነጠላዋንም ከቁም ሳጥን አወጣሁት። ሁለቱም ቋጠሮዎች አሉ። የበሩን ፈትቼ ለባለቤቶቹ አደረስኩ። አንዷ እናት ሳንቲሙን አይተው «የሷ ነው?» አሉኝ፣ ምንም ሳልነግራቸው። የጧፉን እስካሁን አልፈታሁትም።

ለሙሴው እሺ ብያቸዋለሁ፣ ለሙከራ። የእቴቴ ተራ ሰኔ 23 ነበር፣ የሐዋርያት ጾም ላይ ስለሚውል ምግቡ የጾም ነው። አጎቴ ወንበሩንና ሽማግሌዎቹን ማመላለሱን እኔ እችላለሁ ብሏል። ፒያሳ አካባቢ ድፎ በደንብ የሚጋግር ሰው የምታውቁ በውስጥ መስመር ላኩልኝ። ሰኞ_ማክሰኞ፣ አንቺን አልጠየቅኩም።