ኤፍኤም ጣቢያዎች ጀማሪ ባንዶችን እንዲያጫውቱ ይገደዱ?

አወያይ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ፕሮዲውሰርም ስፖንሰርም የሌላቸው ባንዶችና የዜማ ደራሲዎች ሥራ ያወጣሉ፣ ሰው ሳይሰማው ይቀራል። ኤፍኤሞች ከአየር ሰዓታቸው የተወሰነውን ለእነሱ እንዲሰጡ በሕግ ይገደዱ? ወይስ ዩቲዩብና ቲክቶክ ይበቃሉ?

ቤዝ ጊታር፦ ይገደዱ። እኛ ማታ የምንሠራበት ቤት ሰው የሚመጣው ጥላሁንንና ማህሙድን ሊሰማ ነው። እንጫወታለን፣ ደስም ይለናል። የራሳችንን ግን የምንጫወተው ከሌሊቱ 7 ሰዓት በኋላ፣ ሂሳብ እየተከፈለ ወንበር እየተነሳ ነው። ባለቤቱ «የማይታወቅ ዘፈን ቤቱን ያቀዘቅዝብኛል» ይላል። አልፈርድበትም። ግን ሳይሰማ እንዴት ይታወቃል?

ዳታ ብቻ፦ ግዴታ የሚባል ነገር አይዋጥልኝም። ልጁ መኝታ ቤቱ ቁጭ ብሎ በአንድ ጊታር ይዘፍናል፣ ጥሩ ከሆነ በሳምንት ውስጥ አገር ያውቀዋል። የማንንም ደጅ አልጠናም። ለምን እንደገና ወደ ጣቢያ በር እንመልሰዋለን?

ቤዝ ጊታር፦ ወንድሜ፣ አገር የሚያውቀው 15 ሰከንዷን ነው። የኛ ዘፈን መግቢያው ብቻ ከዚያ ይበልጣል። ዩቲዩብም ግባና «አዲስ የአማርኛ ሙዚቃ» ብለህ ፈልግ፣ ቀድሞ የሚመጣልህ ሚሊዮን ተከታይ ያለው ቻናል የጫነው ነው። የኛ የት እንዳለ እኛው ራሳችን ሊንኩን ካልላክንልህ አታገኘውም።

የሸክላ ዘመን፦ ልጆች፣ ይሄ ጭቅጭቅ አዲስ አይደለም። በንጉሡ ጊዜ ሸክላ የማሳተም መብት በአዋጅ የሀገር ፍቅር ቴአትር ብቻ ነበር። በ1961 ዓ.ም. አምሃ እሸቴ የሚባል ወጣት የሙዚቃ ቤት ባለቤት፣ ሊታሰር እንደሚችል እያወቀ፣ የአለማየሁ እሸቴን ዘፈን በራሱ ገንዘብ አሳተመ። ከዚያ በኋላ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ100 በላይ ሸክላ አወጣ፣ ሙላቱ አስታጥቄም ግርማ በየነም በእሱ በኩል ወጥተዋል። ዛሬ ዓለም «ወርቃማው ዘመን» እያለ የሚሰማው አብዛኛው የዚያ ሰው ድፍረት ነው። አንድ የሚያምንባችሁ ሰው ያስፈልጋችኋል።

ዳታ ብቻ፦ ጋሼ፣ ከአክብሮት ጋር፣ የነገሩን እኮ የኔን ሐሳብ ይደግፋል። አምሃ የወጣው ሕጉን ጥሶ ነው። አዋጅ አልረዳውም፣ አዋጅ ነበር የከለከለው።

የሸክላ ዘመን፦ እሱ ላይ ልክ ነህ ልጄ። ግን ከታተመ በኋላስ? በካሴት ጊዜ ሙዚቃ ቤቱ በሩ ላይ ድምፅ ማጉያ ሰቅሎ ቀኑን ሙሉ ያጫውት ነበር። መንገደኛው ሳይፈልግ ይሰማል፣ ይቆማል፣ «ይሄ ማነው?» ብሎ ይጠይቃል። ዛሬ ሁሉም በጆሮ ማዳመጫው የለመደውን ነው የሚሰማው። ያንን ድምፅ ማጉያ የሚተካ ከሬዲዮ ሌላ አይታየኝም።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦ እዚህ ዋሽንግተን አካባቢ የኪቦርድ ተጫዋቹ ኃይሉ መርጊያ ታክሲ እየነዳ ሲኖር፣ በ1985 እ.ኤ.አ. የሠራው ካሴት ተረስቶ ነበር። አንድ አሜሪካዊ ካሴት ሰብሳቢ ባሕር ዳር ውስጥ አገኘውና በ2013 እንደገና አሳተመው። ከዚያ በኋላ ኃይሉ ዓለምን እየዞረ ተጫወተ። 28 ዓመት! ያውም የዋሊያስ ባንዱ ኃይሉ። ስም የሌለው ልጅ ስንት ዓመት ይጠብቅ?

ሊዮን ነኝ፦ ግዴታው ፈረንሳይ ውስጥ አለ። ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሬዲዮዎች ከሚያጫውቱት ዘፈን 40 በመቶው በፈረንሳይኛ፣ የዚያም ግማሹ የአዲስ ድምፃዊ ወይም አዲስ ሥራ እንዲሆን ሕጉ ያዛል። ሬዲዮዎቹም አልሞቱም።

ዳታ ብቻ፦ ጣቢያዎቹ ጥቂት ዘፈኖችን ቀን ከሌት እየደጋገሙ ኮታቸውን ይሞሉ እንደነበረስ ለምን አትነግረንም?

ሊዮን ነኝ፦ እውነት ነው፣ ለዚያም ነው በ2016 እ.ኤ.አ. ሕጉ የተሻሻለው። አብዝተው የሚደጋገሙት 10 ዘፈኖች ከኮታው ግማሽ ካለፉ ትርፉ አይቆጠርላቸውም። ክፍተት ሲገኝ ይደፈናል እንጂ ሕጉ አይጣልም።

ግጥምና ዜማ፦ ስለ ባንድና ድምፃዊ ብቻ ነው የምታወሩት። እኔ ዜማ ነው የምሠራው፣ ፊቴ ቪዲዮ ላይ የለም። ድሮ ካሴቱ ሽፋን ላይ ግጥም የእገሌ፣ ዜማ የእገሊት፣ ቅንብር የእገሌ ተብሎ ይጻፍ ነበር፣ ሰው ያንን እያነበበ ደራሲ ይከተል ነበር። አሁን ብዙ ቦታ የድምፃዊው ስም ብቻ ነው ያለው። ሕግ ከወጣ መጀመሪያ ይሄ ይግባበት፦ ጋዜጠኛው ዘፈኑን ሲጨርስ የደራሲዎቹን ስም ይጥራ። 10 ሰከንድ አይፈጅም፣ ገንዘብ አይጠይቅም። አንድ ጣቢያ ላይ የኔ ዜማ ሲዘፈን ሰምቼ ስሜ ሳይጠራ ዜና ገባ፣ ምን ያህል እንደሚያም ልነግራችሁ አልችልም።

ዳታ ብቻ፦ እህቴ፣ ያንን በሁለት እጄ እፈርማለሁ። ኮታው ላይ ግን ጥያቄዬ አልተመለሰም። «ጀማሪ» ማን እንደሆነ የሚወስነው ማነው? ኮሚቴ ከተቋቋመ የኮሚቴው ወዳጅ ሁሉ ጀማሪ ይሆናል። የምናውቀው ነገር ነው።

ቤዝ ጊታር፦ ኮሚቴ ለምን ያስፈልጋል? የመጀመሪያ አልበሙ ከሆነና ከወጣ ዓመት ካልሞላው በቃ፣ ጀማሪ ነው። ቀኑ ተጽፎ ይታያል።

ሊዮን ነኝ፦ አንድ ነገር እንዳትረሱ፣ የፈረንሳዩ ሕግ ሰዓቱንም ይላል፣ ብዙ ሰው በሚያዳምጥበት ሰዓት መሆን አለበት። ያ ካልተጻፈ ሁሉንም ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ያጫውቱላችኋል።

ቤዝ ጊታር፦ እንግዲያው ከጠዋቱ 1 እስከ 3 ሰዓት ይጻፍልን፣ ሰው ሥራ ሲሄድ ታክሲ ውስጥ የሚሰማበት ሰዓት።