ሩቶ ጋቻጉዋን በመረጡ ዕለት የኬንያ ሕዝብ የደነገጠው በሰውየው ነው ወይስ በስሌቱ?

የሞያሌ ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ያደግሁት ሞያሌ በመሆኑ የኬንያን ምርጫ ከልጅነቴ ጀምሮ የምከታተለው እንደ ጎረቤት ቤት ጉዳይ ነው፤ አንድ ነገር ግን እስከ ዛሬ በቅጡ አልገባኝም። ግንቦት 7 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ በአውሮፓውያኑ ሜይ 15 ቀን 2022፣ ዊልያም ሩቶ ናይሮቢ ካረን ሰፈር ባለው መኖሪያቸው ሪጋቲ ጋቻጉዋን የምክትል ፕሬዚዳንት ዕጩዬ ናቸው ብለው ሲያስተዋውቁ፣ ከድንበሩ ማዶ ያሉ የማውቃቸው ነጋዴዎች፣ የሩቶ ደጋፊ የሆኑት ጭምር፣ መርዶ የሰሙ ይመስል ዝም አሉ። ብዙው ሰው ሲጠብቅ የነበረው የታራካ ኒቲውን ሴናተር ፕሮፌሰር ኪቱሬ ኪንዲኪን ነበር። ኪንዲኪ የሕግ ምሁር ናቸው፤ ሩቶ በዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት በተከሰሱ ጊዜም ከጠበቆቻቸው አንዱ ነበሩ። ጋቻጉዋ ግን የመጀመሪያ የምክር ቤት ዘመናቸውን ገና ያልጨረሱ የማቲራ ተወካይ ነበሩ፤ በዚያ ላይ በሙስና ክስ ፍርድ ቤት ይመላለሱ ነበር፤ ክሱ ከምርጫው በኋላ ተነሥቷል።

በእኛ አገር ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትር በድምፅ መስጫ ወረቀት ላይ ስለማይሰፍር ይህ ዓይነቱ ድንጋጤ ለእኔ እንግዳ ነው። ጥያቄዬም ይህ ነው፦ ሕዝቡን ያስቆጣው የጋቻጉዋ ማንነት ነበር ወይስ የኪንዲኪ መቅረት? ሩቶና ጋቻጉዋ አምስት ዓመት አብረው መሥራት ይችላሉ ወይ ብሎ በዚያን ጊዜ የጠየቀ ሰውስ ነበር? በቦታው የነበራችሁ ብታስረዱኝ ደስ ይለኛል።

የኢስሊ ነዋሪ፦

ወንድሜ፣ እኔ ያን እሑድ ናይሮቢ ነበርሁ፤ ስለዚህ ያየሁትን ልንገርህ። የምስተካከልበት ፀጉር ቤት ባለቤት የቹካ ልጅ ነው፤ ቹካ የኪንዲኪ አገር በሆነችው በታራካ ኒቲ ያለች ከተማ መሆኗን ልብ በል። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ቴሌቪዥን የካረንን ስብሰባ በቀጥታ ያስተላልፍ ነበር፤ ሩቶ የጋቻጉዋን ስም ሲጠሩ ሰውየው መቁረጫውን ከራሴ ላይ አነሣና ሳያጠፋው በእጁ እንደያዘ ቆሞ ቀረ። ማሽኑ በባዶ አየር ላይ ሲያጉረመርም ይሰማ ነበር። ከዚያ «ፕሮፌሰሩ ምን ጎደላቸው?» አለ፤ ወደ ማንም ዞሮ አልነበረም። ከአጠገቤ ተራ ይጠብቁ የነበሩ የኒዬሪ ሽማግሌ በአንድ ቃል መለሱለት፤ «ኩራ» አሉት። ኩራ በስዋሂሊ ድምፅ ማለት ነው።

የሽማግሌው መልስ ሙሉውን ነገር ይዟል ብዬ አምናለሁ። በአውሮፓውያኑ 2019 በተደረገው ቆጠራ የጋቻጉዋ ወገን የሆኑት ኪኩዩዎች 8.1 ሚሊዮን ያህል ነበሩ፤ ታራካ ኒቲ ግን ሕዝቧ 400 ሺህ እንኳ አይሞላም። ተሰናባቹ ፕሬዚዳንት ኡሁሩ ኬንያታ ኪኩዩ ሆነው ሳለ የሩቶን ተቀናቃኝ ራይላ ኦዲንጋን ይደግፉ ስለ ነበር፣ ሩቶ በኬንያታ ደጅ ቆሞ ከኬንያታ ጋር የሚሟገት ሰው ያስፈልጋቸው ነበር። ጋቻጉዋ ቀድሞ የኬንያታ የግል ረዳት ነበሩ፤ በፕሬዚዳንት ሞይ ዘመን የወረዳ አስተዳዳሪ ሆነው ሠርተዋል፤ ወንድማቸውም የኒዬሪ አገረ ገዥ ነበሩ። ቋንቋቸው የገበያ ቋንቋ ነው፤ ቁጣቸውም እንዲሁ። የአካባቢው የምክር ቤት አባላት በብዛት ኪንዲኪን መርጠው ሳለ ሩቶ ጋቻጉዋን እንዳስቀደሙ በስፋት ተዘግቧል፤ ቅሬታውን ያባባሰውም እርሱ ነው። ኪንዲኪ ውጤቱን በጨዋነት ተቀብለው ለጊዜው ከምርጫ ፖለቲካ እንደሚያርፉ አስታወቁ፤ ይህ ጨዋነታቸው ደግሞ ለቹካና ለሜሩ ሰዎች ሐዘኑን የባሰ አደረገባቸው።

ስለዚህ ለመጀመሪያው ጥያቄህ መልሴ፣ ከኬንያ ተራራ በስተ ምሥራቅ ባለው በነቹካና ሜሩ አካባቢ ያዘኑት በኪንዲኪ መቅረት ነው፤ በከተማ ያሉት የተማሩ ሰዎች ደግሞ ያፈሩት በፍርድ ቤቱ ጉዳይ ነው። ሁለቱ የተለያዩ ቁጣዎች ናቸው፤ ጋዜጦቹ ግን አንድ አድርገው ይጽፏቸው ነበር። «አብረው መሥራት ይችላሉ ወይ?» ብሎ የጠየቀ ሰው በበኩሌ አልሰማሁም።

ሕግ አጥኚ፦

የመጨረሻው ዐረፍተ ነገር ላይ ልቁም፤ የጉዳዩ ሥር እዚያ ነውና። ዓመቶቹን በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር እጠቅሳለሁ። ከ2010ሩ ሕገ መንግሥት በፊት ምክትሉን የሚሾመውም የሚሽረውም ፕሬዚዳንቱ ብቻ ነበር። ዳንኤል አራፕ ሞይ በ1998 መጀመሪያ ወንበሩን ባዶ አድርገው ከአንድ ዓመት በላይ አቆዩት፤ ከዚያ ለጆርጅ ሳይቶቲ መለሱላቸው፤ በ2002 ደግሞ መልሰው ነጠቋቸው። ሕዝቡ ለዐሥርተ ዓመታት የለመደው ይህን ነው፤ ምክትል ማለት ባለቤቱ ሲፈልግ የሚጠራው፣ ሲጠላው የሚያሰናብተው ሰው ነበር።

የ2010ሩ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 148 ይህን ፈጽሞ ለወጠው። እያንዳንዱ የፕሬዚዳንት ዕጩ ምክትሉን ከምርጫው በፊት ማቅረብ ይኖርበታል፤ ሕዝቡም ሁለቱን በአንድ ምልክት ይመርጣቸዋል፤ ከተመረጡ በኋላ ፕሬዚዳንቱ ምክትሉን በደብዳቤ ማሰናበት አይችልም። የማንሻው መንገድ በአንቀጽ 150 የተቀመጠ ሲሆን የብሔራዊ ምክር ቤቱንም የሴኔቱንም ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይጠይቃል። ፕሬዚዳንቱ ቢሞት ወይም ቢለቅ ደግሞ የቀረውን ዘመን የሚያስተዳድረው ያው ምክትል ነው። እንግዲህ ሕዝቡ በሜይ 2022 ስለ ጋቻጉዋ ሲከራከር ለሰርግ ሚዜ የሚመረጥ ይመስል ነበር፤ ሕጉ ያዘጋጀው ግን ሰማንያ የተፈረመበት ጋብቻ ነው፤ ፍቺውም በሁለት ምክር ቤቶች ፊት ካልሆነ የማይፈጸም።

እኔ የምቆጨው በዚህ ነው። «ስንት ድምፅ ያመጣል?» የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው፤ ማንም ተወዳዳሪ ሳይጠይቀው አያልፍም። ነገር ግን ደጋፊውም ተቃዋሚውም በዚያ ጥያቄ ብቻ ስለ ታጠሩ፣ ጋቻጉዋ ስለ ሥራ ክፍፍል፣ ስለ ካቢኔ፣ ስለ ሌሎች ክልሎች ሕዝብ ምን እንደሚያስቡ የጠየቃቸው ጥቂት ሰው ነው። በኋላ መንግሥትን እንደ አክሲዮን ማኅበር ቆጥረው ድርሻ ያለው ይቅደም የሚል ንግግር ሲያደርጉ አገሩ ተቆጣ፤ ያ ንግግር ከሥልጣን ሲነሡ ከቀረበባቸው ክሶችም አንዱ ሆነ። እኔ ግን የተመረጡበት ስሌት ራሱ ከዚያ ንግግር የተለየ ነበር ማለት አልችልም። ድምፅ ስላመጣ የተጠራ ሰው ስላመጣው ድምፅ ቢናገር እንዴት እንደነቃለን?

እኅት ከኪሊማኒ፦

ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ሁላችሁም ስለ ሩቶ ሰፈር ብቻ ተናገራችሁ። በማግሥቱ፣ ግንቦት 8 ቀን፣ ኦዲንጋ ማርታ ካሩዋን ምክትላቸው አድርገው ሲያስተዋውቁ የነበረውን ስሜት እኔ መቼም አልረሳውም። ካሩዋ የፍትሕ ሚኒስትር ሳሉ እርሳቸው ሳያውቁ ዳኞች ቢሾሙ ሥልጣናቸውን የለቀቁ፣ በራሳቸው ስምም ለፕሬዚዳንትነት የተወዳደሩ ሴት ናቸው። የማሸነፍ ዕድል ባለው ጎራ ሴት ለዚህ ቦታ ስትታጭ በኬንያ የመጀመሪያው ነበር። በምሠራበት መሥሪያ ቤት ሻይ የምታፈላልን እናት ሰሃኑን አስቀምጣ አጨበጨበች፤ ኦዲንጋን እንደማትመርጥ ግን በዚያው ቅጽበት ነገረችን።

ይህች እናት ከኪሪንያጋ ናት፤ የካሩዋ አገር። ነሐሴ 3 ቀን ኪሪንያጋ በከፍተኛ ድምፅ የመረጠችው ሩቶን ነው። ለዚህ ነው ሕግ አጥኚው ሕዝቡ በድምፅ ስሌት ብቻ ታጠረ ሲሉ ሙሉ በሙሉ የማልስማማው። ስሌቱ የፖለቲከኞቹ ነበር፤ ሕዝቡ ከስሌቱ ውጭ መደሰትም ማዘንም ይችላል፤ በድምፅ መስጫው ቀን ግን የምክትሉ ስም ብቻውን አያንቀሳቅሰውም። በካሎንዞ ሙስዮካ ላይ የደረሰውንም አስታውሱ፤ በሁለት ምርጫዎች የኦዲንጋ ተጣማሪ ሆነው ቆይተው ካሩዋ ስትመረጥ በዚያው ቀን ጥምረቱን ትተው ለብቻዬ እወዳደራለሁ አሉ፤ ሦስት ሳምንት ሳይሞላም ተመለሱ። ልዩነቱ 233 ሺህ ድምፅ ገደማ በሆነበት ምርጫ ያ ቁርሾ ምንም አልጎዳም ለማለት ይከብደኛል።

ሕግ አጥኚ፦

እኅቴ፣ እርማትዎን በደስታ እቀበላለሁ፤ ስሌቱን የሕዝቡ ማድረጌ ስሕተት ነበር። ሆኖም ሐምሌ 12 ቀን ጋቻጉዋና ካሩዋ ፊት ለፊት በተከራከሩበት መድረክ ላይ እንኳ ምክትሉ ከፕሬዚዳንቱ ጋር ቢጋጭ ምን ይሆናል የሚለው ነገር ተገቢውን ቦታ እንዳላገኘ ይሰማኛል።

የሞያሌ ልጅ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የኢስሊው ወንድሜ፣ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፤ መስከረም 28 ቀን 2017 ዓ.ም. ብሔራዊ ምክር ቤቱ ጋቻጉዋን በ281 ድምፅ ከከሰሰ፣ ጥቅምት 7 ቀን ደግሞ ሴኔቱ ከ11ዱ ክሶች በ5ቱ ጥፋተኛ ብሎ ከሥልጣን ካነሣቸው በኋላ፣ በማግሥቱ የታጩት እነዚያው ኪንዲኪ ናቸው። የቹካው ፀጉር አስተካካይ ያን ቀን ምን አለ? እጅግ የተደሰተ ይመስለኛል።

የኢስሊ ነዋሪ፦

እኔም እንዳንተ ጠብቄ ነበር የሄድሁት። ኪንዲኪ ጥቅምት 22 ቀን ቃለ መሐላ ሲፈጽሙ ሱቁ ሞልቶ ነበር፤ ደንበኞቹ እየመጡ እንኳን ደስ አለህ ይሉታል። እርሱም አመስግኖ ሥራውን ቀጠለ። እኔ ወንበሩ ላይ ስቀመጥ ግን ጨርቁን አንገቴ ላይ እያሰረ በዝቅተኛ ድምፅ እንዲህ አለኝ፦ «የመረጧቸው 236 የምክር ቤት አባላት ናቸው። እኔ ያን ጊዜ ተሰልፌ በጣቴ ቀለም ላስነካላቸው ነበር የምፈልገው።»