ተጣጣፊ የሮቦት ክንድ አቅጣጫ ሲቀይር ለምን ይዘገያል?

ጥያቄ
ጤና ይስጥልኝ። ፒያሳ ባለችኝ ትንሽ የሥራ ክፍል፣ የተደፈነ የውኃ ቧንቧ ውስጥ ገብቶ የሚያይ፣ ጫፉ ላይ ካሜራ ያለው ተጣጣፊ ክንድ እየሠራሁ ነው። ርዝመቱ 30 ሳንቲሜትር፣ አካሉ ረጅም ሞላ ሲሆን፣ ከመሐሉ 10 ሚሊሜትር ርቀው የሚያልፉ አራት የናይለን ገመዶች በሁለት ሰርቮ ሞተሮች (በታዘዙት ማዕዘን ዞረው የሚቆሙ ሞተሮች) ይጎትቱታል። ወደ ቀኝ በደንብ ይታጠፋል፤ ወደ ግራ ስመልሰው ግን ሞተሩ 15 ዲግሪ ያህል እስኪዞር ጫፉ አይነቃነቅም፣ ከዚያ በድንገት ዘሎ ያልፍና ሲቆም ይርገበገባል። የኮድ ስህተት መስሎኝ ሁለት ሳምንት ስፈትሽ ቆየሁ።

መልስ 1
ኮዱን ለጊዜው ይተዉት፤ ጥፋቱ ከገመዱ ነው። የፑሌጃዎ (ሞተሩ ላይ ገመዱ የሚጠመጠምበት መንኮራኩር) ራዲየስ 10 ሚሊሜትር ከሆነ 15 ዲግሪ ማለት 2.6 ሚሊሜትር ባክኖ የሚቀር ጉተታ ነው። ናይለን ይለጠጣል፤ በዚያ ላይ ገመዱ በታጠፈ መስመር ሲያልፍ ሰበቃ ጉልበቱን ይበላል፦ የሰበቃው ኮኢፊሸንት (የሰበቃውን ብርታት የሚያሳይ ቁጥር) 0.2 ቢሆን፣ የ90 ዲግሪ መታጠፍ ብቻ 27 በመቶ ገደማ፣ 180 ዲግሪ ደግሞ 47 በመቶ ገደማ ያስቀራል። የተጎነጎነ የዓሣ ማጥመጃ ክር ይጠቀሙና በቀጭን የቴፍሎን ቱቦ ያሳልፉት። እንደ ክራር አውታር ሲነኩት ድምፅ እስኪሰጥ ይወጥሩት፤ ከዚያ ማለፍ ሰበቃውን ያብሰዋል።

መልስ 2
በገመዱ እስማማለሁ፤ ኮዱን መተው ግን አይገባም። የሚጎተተው ርዝመት የመታጠፊያው ማዕዘን በራዲያን (180 ዲግሪ 3.14 ራዲያን ነው) ሲባዛ ገመዱ ከመሐሉ በሚርቅበት 10 ሚሊሜትር ነው፤ ስለዚህ ለ90 ዲግሪ 15.7 ሚሊሜትር ይጎትታሉ። አቅጣጫው በተቀየረ ቁጥር፣ ክሩን ከለወጡ በኋላ እንደገና የለኩትን መዘግየት በሞተሩ ትእዛዝ ላይ ወዲያው ይደምሩ። መርገብገቡን በተመለከተ፣ ጫፉን በስልክ ቀርጸው አንዱ ውዝዋዜ ስንት ሰከንድ እንደሚፈጅ ይለኩ፤ 0.4 ሰከንድ ከሆነ የትእዛዙን ግማሽ አሁን፣ ግማሹን ከ0.2 ሰከንድ በኋላ ይላኩ። ሁለቱ ውዝዋዜዎች እርስ በርስ ይጠፋፋሉ።

ጠያቂው
እጅግ አመሰግናለሁ። ክሩንና ቱቦውን ለውጬ መዘግየቱ ወደ 4 ዲግሪ ወርዷል፤ ትእዛዙን ስከፍለውም ካሜራው ረግቶ ይቆማል። ክንዱ የቧንቧውን ግድግዳ ሲነካ ግን ስሌቱ ይዛባል።

መልስ 2
ግድግዳው ቅርጹን ስለሚለውጠው ቀመሩ እዚያ አይሠራም። ያን ጊዜ በካሜራው ምስል እየተመሩ በጥቂት በጥቂቱ ይጎትቱ።