የግሪንላንድ ውሾች ስሌድ ሲጎትቱ ለምን እንደ ማራገቢያ ተዘርግተው ይጠመዳሉ?

ጥያቄ፦
በግሪንላንድ ስሌድ (በበረዶ ላይ የሚንሸራተት ጎማ የሌለው ጋሪ) የሚጎትት ውሻ ሁሉ የየራሱ ገመድ አለው፤ ሲሮጡም እንደ ማራገቢያ ይዘረጋሉ። የአላስካዎቹ ግን በአንድ ረጅም ገመድ ግራና ቀኝ ጥንድ ጥንድ ሆነው ነው የሚጠመዱት። ይህ የመጣው ከዝርያው ነው ወይስ ከመሬቱ? የግሪንላንድ ውሻና ሳይቤሪያን ሃስኪ አንድ ናቸው የሚሉም ስላሉ የምታውቁ ብታብራሩልኝ።

መልስ 1፦
ከመሬቱ ነው። ግሪንላንድ ውስጥ ስሌድ ባብዛኛው የሚነዳው በረጋ የባሕር በረዶ ላይ ስለሆነ መንገድ የሚያጠብ ዛፍ የለም። በረዶው ሲሳሳም ውሾቹ ተዘርግተው ስለሚሮጡ ክብደታቸው አንድ ቦታ አይከማችም። አንዱ ሰምጦ ቢገባ እንኳ ሌሎቹን ይዞ አይወርድም፤ ነጂው በዚያው ውሻ ገመድ ስቦ ያወጣዋል። ይህን አጠማመድ ወደ ጫካ ብትወስዱት ግን አንዱ ውሻ በዛፉ ግራ፣ ሌላው በቀኝ ያልፍና ሁሉም ግንዱ ላይ ይጠመጠማሉ። የአላስካው ጥንድ አጠማመድ ለጠባብ መንገድ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ማራገቢያው ጉልበት ያባክናል። ጥግ ያለው ውሻ የሚስበው በሰያፍ ስለሆነ፣ ከስሌዱ አቅጣጫ 30 ዲግሪ ከወጣ ወደ ፊት የሚስበው ጉልበት 13 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ገመዱ ሲረዝም ማዕዘኑ ስለሚጠብ ብክነቱም ያንሳል።

ከዚህ የሚብሰው የገመዱ መጎንጎን ነው። ውሾቹ እየተሻገሩ ቦታ ሲቀያየሩ ገመዶቹ እንደ ሹሩባ ይጎነጎናሉ፤ ጉንጉኑ በረዘመ ቁጥር ውሾቹ እየተጠጋጉ እርስ በርስ ይጠላለፋሉ። የገመዶቹ ጫፎች ሁሉ ስሌዱ ላይ ባለ አንድ ጠፍር ስለሚያያዙ፣ ለመፍታት ስሌዱን አቁሞ ውሾቹን ማስተኛት፣ ከዚያ ጠፍሩን ፈትቶ ገመዶቹን አንድ በአንድ መለየት ነው። ቅደም ተከተሉን አደራ! ሳይተኙ ጠፍሩ ከተፈታ ውሾቹ ስሌዱንም ነጂውንም ትተው ይሄዳሉ፤ በዚያ ብርድ ይህ ለሕይወት ያሰጋል።

መልስ 2፦
ስለ ዝርያው፦ አንድ አይደሉም። የግሪንላንዱ ውሻ የዛሬዎቹ ኢኑይቶች (የአርክቲክ ነባር ሕዝብ) ቅድመ አያት ከሆነው ከቱሌ ሕዝብ ጋር፣ ከአላስካ በካናዳ በኩል የመጣ ከባድ ጎታች ነው። ሳይቤሪያን ሃስኪ በሰሜን ምሥራቅ ሳይቤሪያ የሚኖሩት ቹክቺ የሚባሉ ሕዝቦች ያረቡት፣ ቀለል ያለ ጭነት ይዞ ሩቅ የሚሄድ ውሻ ነው፤ ክብደቱ ከ16 እስከ 27 ኪሎ ነው። አላስካ ውስጥ ወዳለችው ኖም ከተማ ለስሌድ ውድድር የገባው በ1909 ሲሆን የአሜሪካ የውሻ ክበብ ዝርያውን የመዘገበው በ1930 ነው።

ስሌድ የመጎተት ሥራው ራሱ ግን ከሁለቱም ዝርያዎች በጣም ይቀድማል። ከሳይቤሪያዋ ዦሆቭ ደሴት የተገኘ 9,500 ዓመት ገደማ ያስቆጠረ የውሻ አጥንት ተመርምሮ፣ በ2020 በወጣው ጥናት የዘር ቅርበቱ ከዛሬዎቹ የአርክቲክ ስሌድ ጎታቾች ጋር ሆኖ ተገኝቷል። ግሪንላንድም ዝርያዋን በሕግ ትጠብቃለች፤ ስሌድ ውሻ በሚረባባቸው በሰሜንና በምሥራቅ ግዛቶቿ ሌላ ዝርያ ማስገባት ክልክል ነው።

መልስ 3፦
መልስ 1 ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ቀጥ ያለ ቁልቁለት ሲመጣ ማራገቢያው ጠቃሚ ነው። ገመዶቹ ወደ ስሌዱ ኋላ ይዞሩና ውሾቹ ከበስተጀርባ ይዘው ያዘገዩታል፤ ስሌዱ ከታች በሚንሸራተትባቸው እንጨቶችም ላይ ገመድ ወይም ሰንሰለት ይጠመጠማል። ይህ ካልተደረገ ስሌዱ ፍጥነት ጨምሮ ውሾቹን ከኋላ ይደርስባቸውና ይጨፈልቃቸዋል።