ማኅበራዊ ፈጠራ በመሥራቹ ስም ይታወቅ ወይስ በሥራው?

ለክርክር የቀረበው ጥያቄ ይህ ነው፦ ማኅበራዊ ችግርን በአዲስ ዘዴ ለመፍታት የተነሣ ድርጅት በመሥራቹ ስምና ዝና መታወቁ ይበጀዋል ወይስ ይጎዳዋል?

አንደኛ ተከራካሪ፦ ይበጀዋል ባይ ነኝ። ሕዝብ ያልተሞከረን ሐሳብ የሚቀበለው ሐሳቡን ያመጣውን ሰው ሲያምን ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 በኬንያ ሴቶችን እያስተባበረ ዛፍ የሚተክለውን የአረንጓዴ ቀበቶ ንቅናቄ የመሠረቱት ፕሮፌሰር ዋንጋሪ ማታይ፣ በ1989 በናይሮቢው ኡሁሩ ፓርክ ሊገነባ የታሰበውን ባለ 60 ፎቅ ሕንፃ ፊት ለፊት የተቃወሙት በግል ድፍረታቸው ነበር፤ ዓርማ ብቻውን እንዲህ ያለ ትግል አይገጥምም።

ሁለተኛ ተከራካሪ፦ በምሳሌው እስማማለሁ፤ መደምደሚያውን ግን አልቀበልም። ንቅናቄው በፕሮፌሰሯ ስም አልተሰየመም፤ እ.ኤ.አ. በ2011 ካረፉ በኋላም ሥራው አልተቋረጠም። በአንጻሩ ብስክሌተኛው ላንስ አርምስትሮንግ በ1997 ለካንሰር ሕሙማን ያቋቋመው ፋውንዴሽን የእሱን ስም ተሸክሞ ስለነበር፣ በ2012 በአበረታች መድኃኒት ቅሌት ሲዋረድ የቦርድ ሰብሳቢነቱን ለቀቀ፣ ድርጅቱም በዚያው ዓመት ስሙን ለመቀየር ተገደደ። ሕሙማኑ ምን በደሉ?

ከስሙ ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ድርጅቱ ከማን ጋር፣ በምን አነጋገር እንደሚነጋገር ነው። ብራክ የተባለው የባንግላዴሽ ድርጅት ከ1980 እስከ 1990 ሕፃናትን ከተቅማጥ ሞት ለማዳን ቤት ለቤት ሲያስተምር፣ ለእናቶች የነገራቸው በሦስት ጣት የተቆነጠረ ጨውና አንድ እፍኝ የሸንኮራ ጥሬ ስኳር በግማሽ ሊትር ገደማ ውኃ እንዲበጠብጡ ነበር። የአስተማሪዎቹ ክፍያም የሚወሰነው ተቆጣጣሪ ተመልሶ ሲጠይቅ እናቶቹ ባስታወሱት ልክ ነበር። አስተማሪዋ እናቲቱ ሳይገባት ወደሚቀጥለው ቤት ብታልፍ የምትጎዳው ራሷ ናት። ለእኔ አመራር ማለት እንዲህ ያለውን አሠራር መዘርጋት ነው።

ሦስተኛ ተከራካሪ፦ ይህ ለተጠቃሚው ነው፤ ለጋሹስ? ብዙ ጊዜ ለጋሽ «ዘላቂነት»ና «አቅም ግንባታ» የሚሉትን ቃላት በማመልከቻው ውስጥ ካላገኘ ገንዘብ አይለቅም፤ የታወቀ ስም ካየ ደግሞ ቶሎ ያምናል። ያለ ገንዘብ እናቶቹ ዘንድ የሚደርስ አስተማሪ የለም።

ሁለተኛ ተከራካሪ፦ የታወቀ ስም በር እንደሚያስከፍት አልክድም። ይሁን እንጂ የብራክ መሥራች ፋዝሌ ሐሰን አቤድ በ2001 የዋና ዳይሬክተርነቱን ሥራ አስረክበዋል፤ በ2019 ደግሞ ሰብሳቢነቱን ለቀዋል። ለጋሾችም በማመልከቻ ቅጻቸው ላይ ከመሥራቹ የሕይወት ታሪክ ይልቅ ተተኪ የማዘጋጀት ዕቅድን ቢጠይቁ፣ ሪፖርቱም በተጠቃሚዎቹ ቋንቋ ተነብቦላቸው አስተያየታቸው እንዲያያዝ ቢያስገድዱ፣ የአቀራረቡ ቋንቋ ራሱ ይለወጥ ነበር።

አንደኛ ተከራካሪ፦ የሪፖርቱን ሐሳብ ያለ ቅድመ ሁኔታ እደግፋለሁ። የተተኪው ዕቅድ ግን ሁለትና ሦስት ሠራተኛ ብቻ ያለውን ጀማሪ ድርጅት ገና በበሩ ላይ ሊጥለው ስለሚችል፣ ከሁለተኛው ዙር ድጋፍ ጀምሮ ብቻ እንዲጠየቅ ሐሳብ አቀርባለሁ።