31 ሳምንት ላይ ነኝ፣ ግፊቴ 148/96 ሽንቴ ላይም ፕሮቲን አለ ተባልኩ፣ ምን ላድርግ?

የመጀመሪያዬ፦
ሰላም እህቶች እንዴት ናችሁ። የመጀመሪያ እርግዝናዬ ነው፣ እስከ 28 ሳምንት ድረስ ግፊቴ ሁሌ 110 በ70 ነበር። ትናንት ለክትትል ስሄድ 150/98 አለ፣ ከሰዓት ተመለሺ ተባልኩና ድጋሚ ሲለኩኝ 148/96፣ ሽንቴ ላይ ደሞ ፕሮቲን ፕላስ ሁለት። ዶክተሩ ፕሪኤክላምፕሲያ (በእርግዝና የሚመጣ የግፊት በሽታ) ነው ብሎ ሜቲልዶፓ የሚባል የግፊት ኪኒን 250 ሚሊግራም በቀን ሦስቴ አዘዘልኝና ከ2 ሳምንት በኋላ ነይ አለኝ፣ ሰልፉ ብዙ ስለነበር ምንም ሳልጠይቅ ወጣሁ። ቤት ስመጣ አማቴ እርጉዝ እንዴት ኪኒን ትውጣለች፣ ጨውና ቡና ተዪ ይለቅሻል ይሉኛል። እኔ ደሞ እግሬ ከማበጡ ውጪ ምንም አላመመኝም፣ እሱም ሁሉም እርጉዝ ያብጣል ይላሉ። ኪኒኑ ልጄን ይጎዳዋል? ስራስ ላቁም? ካሸር ነኝ ቀኑን ሙሉ ቁጭ ነው። በጣም ፈርቻለው እባካችሁ ያለፋችሁበት ንገሩኝ

ቡዜ፦
አይዞሽ የኔ ቆንጆ። ነጭ ሽንኩርት በማር ጠዋት ጠዋት በባዶ ሆድ ሞክሪ፣ የሽፈራው ሻይም ግፊት ያወርዳል፣ እናቴ በሱ ነው የኖረችው

ሚድዋይፏ፦
ቡዜ እናትሽን እድሜ ይስጥልኝ ግን የሳቸውና የዚች ልጅ ግፊት አንድ አይደለም እሺ።

የኔ እህት እኔ ጤና ጣቢያ ማዋለጃ ክፍል ነው የምሰራው። ኪኒኑን ዋጪ። ሜቲልዶፓ (ፋርማሲ አልዶሜት ሊሉሽ ይችላሉ) ለእርጉዞች ስንት ዘመን ሲሰጥ የኖረ ነው፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ይልሽና አፍሽን ያደርቀው ይሆናል እንጂ ልጁን ይጎዳል ብለሽ አትስጊ። ለእርጉዝ የማይሆኑት እነ ኢናላፕሪልና ካፕቶፕሪል የሚባሉት የግፊት ኪኒኖች ናቸው፣ ስለዚህ ኪኒን ሲያልቅብሽ ቤት ውስጥ ግፊት ካለበት ሰው ወስደሽ እንዳትውጪ፣ ይሄንን የምለው ሲደረግ ስላየሁ ነው። ግን ኪኒኑ ቁጥሩን ነው የሚይዝልሽ፣ በሽታውን አያጠፋውም። በሽታው የሚነሳው ከእንግዴ ልጁ ነው፣ እሱ እስኪወጣ አብሮሽ ነው። 130 ገባልኝ ብለሽ ክትትል እንዳታቆሚ። ጨውም ብትተዪ አይለቅሽም፣ በመጠኑ ብዪ፣ አልጫ ብቻ ካልሆነ ብለሽ ራስሽን አታስርቢ፣ ምሳሽን በልተሽ አንድ ስኒ ቡና ብትጠጪም ምንም አትሆኚ።

እኔን ያሳሰበኝ ቀጠሮው ነው። ፕሮቲን ከታየ በኋላ 2 ሳምንት ይረዝማል፣ ቢያንስ በሳምንት ሁለቴ መታየት አለብሽ። ደም ተሰርቶልሻል? ፕላትሌት (ደም እንዲረጋ የሚያደርገው)፣ ጉበትና ኩላሊት ማለቴ ነው። አልትራሳውንድስ? የልጁ እድገትና የእንሽርት ውሃው መታየት አለበት። ካልተሰራ ነገ ጠዋት ተመልሰሽ ሂጂ፣ ሰልፍ ነው ቢሉሽም ፕሪኤክላምፕሲያ አለብኝ ብለሽ ጮክ ብለሽ ተናገሪ፣ አትፈሪ። ካልባሰ 37 ሳምንት ሲሞላሽ ምጥ ያስጀምሩሻል፣ 40 አይጠበቅም። ከባሰ ደሞ ለልጁ ሳንባ የሚሆን መርፌ ሰጥተው ከዛም ቀድመው ሊያዋልዱሽ ይችላሉ፣ ስለዚህ ሻንጣሽን ከአሁኑ አዘጋጂ። ስራውን በተመለከተ ሙሉ ቀን ተኚ የሚል ነገር የለም፣ ከከበደሽ ግን ፈቃድ ጠይቂ።

አሁን ይሄን በደንብ አንብቢው። ግፊትሽ 160 ወይ ታችኛው 110 ከገባ፣ ወይ ፓራሲታሞል የማይለቀው ራስ ምታት ከመጣ፣ ዓይንሽ ብዥ ካለ ወይ ብልጭ ብልጭ ካለብሽ፣ ከእንብርትሽ በላይ በተለይ ቀኝ ጎድንሽ ስር ካመመሽ፣ ፊትና እጅሽ ድንገት ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠረሽ፣ ደም ካየሽ፣ ልጁም እንደወትሮው አልንቀሳቀስ ካለ ሌሊትም ይሁን እሁድ ቀጠሮ ሳትጠብቂ ሂጂ። እኛ ጋ ስንቷ ናት ራስ ምታቱን ምች ነው ተብላ ዳማከሴ ሲጨመቅላት፣ የሆዷን ደሞ ጨጓራ ነው ብላ ተልባ ስትጠጣ ሰንብታ የምትመጣው። ምንም ስላላመመሽም አትዘናጊ፣ ይሄ በሽታ ዝም ብሎ ነው የሚመጣው።

የዲሲዋ፦
እኔ በመጀመሪያ ልጄ 34 ሳምንት ላይ ይዞኝ በኦፕራሲዮን ወለድኩ፣ ልጁ አሁን ትምህርት ቤት ገብቷል እግዚአብሔር ይመስገን። በሁለተኛው ከ12 ሳምንት ጀምሮ በየቀኑ ትንሿን አስፕሪን 81 ሚሊግራም ሰጡኝ፣ ያኛው ድጋሚ አልመጣብኝም። ላንቺ አሁን አይሆንም ከ16 ሳምንት በፊት ነው መጀመር ያለበት፣ ለሚቀጥለው ግን ገና እንዳረገዝሽ ንገሪያቸው። እቤት ለመለካት ማሽን ግዢ፣ የእጅ አንጓ ላይ የሚደረገውን ሳይሆን ክንድ ላይ የሚታሰረውን፣ ክንድሽ ወፈር ያለ ከሆነ ሰፋ ያለ ማሰሪያ ጠይቂ፣ ጠባቡ ከፍ አድርጎ ነው የሚያነበው። ከመለካትሽ በፊት ሽንትሽን ሽኚ፣ 5 ደቂቃ ተቀመጪ፣ ጀርባሽን ደገፍ በዪ፣ እግርሽን አታጣምሪ፣ ክንድሽ በልብሽ ልክ ጠረጴዛ ላይ ይሁን፣ እየለካሽ ደሞ ስልክ አታውሪ። እኔ እያወራሁ ስለካ ሁሌ 10 ምናምን ይጨምርብኝ ነበር። ማሽኑ ግን ክትትሉን አይተካም እሺ

የሁለት ልጆች አባት፦
ወንድ ነኝ ግን ልናገር። የኛ ቤት ችግሩ የመጣው ከወለደች በኋላ ነው። በሰላም ወልዳ በማግስቱ ወጣን፣ በአራተኛው ቀን ቤቱ በጠያቂ ሞልቶ ገንፎ እየተበላ ራሴን ራሴን ትላለች፣ እናቶች ብርድ ነው ሸፍኗት አሉ እኔም አመንኩ። ማታ ላይ ተንቀጠቀጠች። አንዱ ክብሪት ያጨሳል፣ ሌላዋ ማንኪያ አፏ ውስጥ ልታስገባ ትታገላለች፣ ጠበል ውሰዷት የሚልም ነበር። ጎረቤታችን ነርስ ናት እሷ ደርሳ ሁሉንም ገፍታ በግራ ጎኗ አስተኛቻትና በጎረቤት መኪና ወሰድናት። ማግኒዥየም የሚባል መድሀኒት ሰጧት፣ ሲገባባት መላ አካላቴ ነደደ ትል ነበር፣ መንቀጥቀጡን ግን አቆመው። ግፊቷን ሲለኩት 180 ነበር፣ በእርግዝናዋ አንድም ቀን አልጨመረባትም። ጠበሉ ዛሬም ይኖራል ያኔ ግን አንድ ሰዓት ብንዘገይ ኖሮ ማሰብ አልፈልግም። ስለዚህ ወለድኩ አበቃ አትበዪ፣ የአራስነቱንም 6 ሳምንት ተለኪ። ባለቤትሽም ይሄን ያንብበው፣ የሚያደርስ መኪናና ስልክ ቁጥሩን ከአሁኑ ይያዝ፣ አዲስ አበባ ከሆናችሁ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው

ቡዜ፦
ኧረ እኔ ይሄን ሁሉ አላውቅም ነበር፣ ይቅርታ እህቴ ሽንኩርቱን ተዪው

የመጀመሪያዬ፦
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ እያለቀስኩ ነው ያነበብኩት። በማግስቱ ተመልሼ ሄጄ ደም ተሰራልኝ፣ ፕላትሌትም ጉበትም ኩላሊትም ደህና ነው አሉኝ፣ ልጁም ክብደቱ ጥሩ ነው፣ ሰኞና ሐሙስ እንድመጣ ቀጠሩኝ። የሁለት ልጆች አባት የጻፉትን ለአማቴ አነበብኩላቸው፣ ዝም ብለው ሰሙኝና አሁን ኪኒን ሰዓት የሚያስታውሱኝ እሳቸው ናቸው። ማሽንም ገዛን። ግን ዛሬ ጠዋት መጀመሪያ 152 አለኝ ደንግጬ ወዲያው ስለካ 139፣ ለሐሙስ የቱን ልጻፍላቸው?

ሚድዋይፏ፦
ሁለቱንም። ከነታችኛው ቁጥርና ከነሰዓቱ። ደስ ያለሽን መርጠሽ እንዳትጽፊ፣ በመሀል ደሞ አንድ ሁለት ደቂቃ አረፍ በዪ፣ ማሽኑንም ሐሙስ ይዘሽው ሂጂ ከነሱ ጋ ያስተያዩልሽ